ካይዘን በቅድሚያ የአለቃው ዕዳ ነው

ስለ ቶዮታ በአገራችን የሚነገረው ታሪክ አጭርና የተለመደ ነው። ጃፓኖች ታታሪዎች ናቸው፤ ሰዓት ያከብራሉ፤ ለድርጅታቸው ይሞታሉ፤ አለቃ ያዘዘውን ሳያጉረመርሙ ይፈጽማሉ፤ ቶዮታም በዚህ ምክንያት የዓለም ቀዳሚ መኪና አምራች ሆነ። ከታሪኩ የሚመዘዘው መደምደሚያም እንደዚያው የታወቀ ነው። የእኛ ፋብሪካ ያልቀናው የሠራተኛው አመለካከት ስላልተለወጠ ነው ይባላል። በሥልጠና አዳራሽ፣ በግምገማ መድረክ፣ በዓመት መጨረሻ ሪፖርት ላይ “የአመለካከት ችግር” የምትለው ሐረግ ሳትነሳ አትቀርም፤ ስትነሳም ጣት የሚቀሰረው ወደ ታች፣ ማሽን ላይ ወደ ቆመው ሰው ነው።

እኔ ይህን አስተሳሰብ አልቀበልም። ቶዮታ ያደረገውን ነገር ገልብጦ ያቀርባል። የቶዮታ አሠራር ዋናው ክብደት ያረፈው በአመራሩ ጫንቃ ላይ ነው፤ ሠራተኛው የሚጠየቀው አለቃው የራሱን ግዴታ ከተወጣ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ድርጅት የካይዘንን፣ ማለትም ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻልን፣ ስም ይዞ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ደመወዟ ከወር እስከ ወር በማያደርሳት ሠራተኛ ላይ ስለሚያርፍ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አይቻልም።

ከታዛዥነቱ ልጀምር። በ1950 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶዮታ ሊፈርስ አፋፍ ላይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓንን ያስተዳድሩ የነበሩት አሜሪካኖች የዋጋ ንረትን ለመግታት በጀትና ብድር አጠበቁ፤ መኪና የሚገዛ ጠፋ፤ የተሸጠውም ገንዘቡ አልሰበሰብ አለ። ሠራተኛው ደመወዙ እንዲቀነስ ተስማምቶ ነበር፤ በልዋጩም መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳ ማንንም ላለማሰናበት ቃል ገብተው ነበር። ባንኮቹ የሰው ኃይል ካልተቀነሰ አናበድርም ሲሉ ግን ቃሉ ታጠፈ። የሠራተኛ ማኅበሩ ተነሳ። ለሁለት ወር ያህል ሥራ እየቆመ፣ ሰልፍ እየተወጣ፣ አለቆች በሠራተኛ ፊት እየቆሙ ሲወቀሱ ሰነበቱ። በመጨረሻ ከ2,000 በላይ ሠራተኞች ወጡ። ኪይቺሮ ቶዮዳም ከሁለት ከፍተኛ ባልደረቦቻቸው ጋር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም አረፉ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በኒሳን የተነሳው ግጭት ደግሞ ለወራት ቀጥሏል። ለአለቃ ሰጥ ለጥ ብሎ መገዛት በደማቸው ያለ ሕዝብ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1915፣ አንድ አውስትራሊያዊ የሥራ አመራር አማካሪ የጃፓን ፋብሪካዎችን ጎብኝቶ ሠራተኞቹ ጊዜ የማያስጨንቃቸው፣ ግድ የለሾች ናቸው ብሎ ነበር። ዛሬ ስለ እኛ የሚባለው ሁሉ ያኔ ስለ እነሱ ተብሏል።

ከ1950 ውዝግብ በኋላ የመጣው ነገር ድርድር ነው። ኩባንያው ቋሚ ሠራተኛን በቀላሉ አላሰናብትም የሚለውን መሠረት ያዘ፤ በ1962 አመራሩና ማኅበሩ በጋራ መግለጫ ፈርመው መተማመንን የግንኙነታቸው መነሻ አደረጉ። ሠራተኛው በበኩሉ አንድ ሙያ ይዞ አንድ ማሽን ላይ ከመቆም ይልቅ ብዙ ማሽን ማንቀሳቀስን፣ ከክፍል ክፍል መዘዋወርን ተቀበለ። የቶዮታን የማምረቻ ሥርዓት የቀረጹት ታይቺ ኦኖ ይህን ሲጀምሩ ነባር ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃውመዋቸው ነበር፤ አሠራሩ ከአንድ የማሽን ክፍል ወጥቶ ኩባንያውን ለማዳረስም ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። ዋስትናው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ጥበብ አይጠይቅም። አምስት ሰው የሚሠራውን በአራት ሰው መሥራት የሚቻልበትን ዘዴ ያሰበች ሠራተኛ፣ ሐሳቧን ተናግራ በማግስቱ የምትሰናበተው አምስተኛዋ ሠራተኛ እሷ ወይም ጓደኛዋ ከሆነች፣ ሁለተኛ አፏን አትከፍትም። ልክ ናት።

የባህሉ ክርክር ሌላም ቀዳዳ አለው። የሠራተኛ ሐሳብ መቀበያው ሥርዓት በቶዮታ የተጀመረው በ1951 ነው፤ የመጣውም ከአሜሪካ፣ የኩባንያው ኃላፊ ኤይጂ ቶዮዳ ዲርቦርን ውስጥ የፎርድን ፋብሪካ ሲጎበኙ አይተውት ነው። የመስመር አለቆች የሚሠለጥኑበት ዘዴ የአሜሪካ የጦርነት ዘመን ሥልጠና ነው። መጋዘን ሙሉ ዕቃ ከመከመር ይልቅ የተወሰደውን ያህል ብቻ የመተካት ሐሳብ ኦኖን የመታቸው የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶችን አሠራር ሲሰሙ ነው። ከቤት የወጣው ትልቁ ሐሳብ የኪይቺሮ አባት የሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና ማሽን ነበር፤ በ1924 የተጠናቀቀው ይህ ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱን በራሱ ያቆማል። እንከን ያለበት ጨርቅ እየተሸመነ ከሚቀጥል ሥራው ይቁም የሚለው መርህ ወደ መኪናው ፋብሪካ የተሻገረው ከዚያ ነው።

ባህል አይደለም የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ግን ካሊፎርኒያ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ፍሪሞንት ከተማ ውስጥ የነበረውን የመገጣጠሚያ ፋብሪካ በ1982 ዘጋው። በሠራተኛ ጠባይ ስሙ የጠፋ ቦታ ነበር። በአንድ ቀን ከአምስቱ አንዱ የሚቀርበት ጊዜ ነበር፤ በሥራ ሰዓት መጠጥ ይጠጣ ነበር፤ መፍትሔ ያላገኙ የሠራተኛ አቤቱታዎች በሺህ ይቆጠሩ ነበር። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በሽርክና ከፈቱትና አስተዳደሩን ቶዮታ ያዘ። ከተቀጠሩት ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት እነዚያው የተባረሩት ሠራተኞች ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ያው ማኅበር ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩት ለሥልጠና ጃፓን ደርሰው ተመለሱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሥራ የሚቀረው ሰው ከመቶ ወደ ሦስትና አራት ወረደ፤ የመኪናው ጥራትም ከጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ሁሉ የላቀ ሆነ። ሰዎቹ እነዚያው፣ አገሩ ያው፣ ቢራውም ያው ከሆነ የተለወጠው አለቃው ነው። ከማኅበሩ ጋር የተፈረመው ውል ላይ ደግሞ ሠራተኛ ከመቀነሱ በፊት የኃላፊዎች ደመወዝ እንደሚቀነስ ተጽፎ ነበር። በ1988 ሽያጭ ሲወርድ ትርፍ የሆኑት ሠራተኞች ወደ ሥልጠና ገቡ እንጂ ወደ ቤታቸው አልተሸኙም።

ጄኔራል ሞተርስ እዚያው ካሊፎርኒያ ቫን ናይስ በሚገኘው ፋብሪካው ይህንኑ ለመድገም ሞከረ። ቡድን አደራጀ፣ አሠለጠነ፣ ሠራተኛ ስቦ መስመሩን የሚያስቆምበትን ገመድም ሰቀለ። የመስመር አለቆቹ ግን አሁንም የሚመዘኑት በወጣው መኪና ቁጥር ነበርና ሥራ እንዲቆም አልፈቀዱም። ፋብሪካው በ1992 ተዘጋ።

ስለዚህ ገመድ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ሥርዓቱ በሙሉ እዚህ ላይ ይታያል። ኬንታኪ ውስጥ በጆርጅታውን፣ ወይም ጃፓን ውስጥ በታካኦካ ባለው የቶዮታ ፋብሪካ፣ መኪናው በዝግታ እየተንቀሳቀሰ እያንዳንዷ ሠራተኛ ፊት አንድ ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ከራሷ በላይ ገመድ ተዘርግቷል፤ በኋላ በብዙ ቦታ በቁልፍ ተተክቷል። ቦሎኑ አልገባ ካለ፣ የመጣው ዕቃ ጭረት ካለበት፣ ወይም በቀላሉ ጊዜው ካልበቃት ገመዱን ትስባለች። ከፍ ብሎ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የሥራ ቦታዋ ቁጥር ይበራል፤ የዚያ ክፍል ሙዚቃ ይሰማል። የቡድን መሪው እየሮጠ ይመጣል። የመጀመሪያ ሥራው መርዳት ነው። መኪናው የተወሰነው ምልክት ላይ እስኪደርስ ጥቂት ሰከንዶች አሉ፤ ችግሩ በዚያ ውስጥ ከተፈታ መስመሩ ይቀጥላል፤ ካልተፈታ ይቆማል። ገመዱ በአንድ ፈረቃ ብዙ ጊዜ ይሳባል፤ ለአመራሩ የሚያሳስበው ገመዱ ሳይሳብ ሲውል ነው፤ ችግር ተደብቋል ማለት ነውና።

አሁን ይህ ገመድ ከአመራሩ የሚጠይቀውን እንቁጠር። አምስት ወይም ስድስት ሠራተኛ ላለበት ቡድን ሥራውን ሁሉ የሚያውቅ፣ እጁ ነፃ የሆነ መሪ መድቦ ደመወዝ መክፈል አለበት። የመሪው መመዘኛ የመኪና ቁጥር ብቻ እንዳይሆን ማድረግ አለበት። ያቆመችው ሠራተኛ እንዳትገሠጽ፣ ቀን ጠብቆ የሚመጣባት እንዳይኖር ዋስትና መስጠት አለበት። ከዚያም ችግሩ ለምን እንደተፈጠረ ደጋግሞ እየጠየቀ ሥሩ ድረስ መውረድ አለበት፤ ብዙ ጊዜም ሥሩ የሚገኘው ከሠራተኛዋ ርቆ፣ በንድፍ ክፍል ወይም በግዢ ክፍል ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሠራተኛዋ ድርሻ እጇን ዘርግታ መሳብ ነው። ሌላው ሁሉ የአለቃ ሥራ ነው።

ካንባን ስለሚሏት የምርት ማዘዣ ካርድም እንዲሁ ነው። ካርዷ ቀላል ነገር ናት፤ የዕቃው ቁጥር፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብዛት፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ተጽፎባታል። ከሳጥኑ የመጀመሪያው ዕቃ ሲነሳ ካርዷ ትለቀቃለች፤ ወደ ሠሪው ተመልሳ በልኳ እንዲሠራ ታዝዛለች። ካርድ ካልመጣ አይመረትም። እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚዎች ካርዷን ፎቶ አንሥተው ይመለሳሉ። ካርዷ እንድትሠራ ግን አስቀድሞ ሄይጁንካ የሚሉት ነገር መኖር አለበት፤ ምርቱን ማመጣጠን ማለት ነው። ሽያጭ ክፍል ዛሬ ሦስት መቶ ነጭ፣ ነገ ባዶ፣ ከነገ ወዲያ አምስት መቶ ቀይ ብሎ ማዘዝ አይፈቀድለትም። የወሩ ምርት በየቀኑ፣ የቀኑ ምርት በየሰዓቱ ተበትኖ የተለያየው ዓይነት እየተፈራረቀ ይወጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የከበደው ዲሲፕሊን ይህ ነው፤ የሚጫነውም በአመራሩ ምኞት ላይ ነው። ወሩን ሙሉ ጥሬ ዕቃ ሳያቀርብ ቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት ትርፍ ሰዓት የሚያስገድድ ሥራ አስኪያጅ ይህን ግዴታ ጥሶ ከርሞ ነው ሠራተኛውን በዝግተኛነት የሚከሰው።

ቶዮታ ለአቅራቢዎቹም የገባው ግዴታ እንዲሁ ነበር። በፌብሩዋሪ 1997 ካሪያ ከተማ ያለው የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ። ለቶዮታ የአንዲት ትንሽ የፍሬን ክፍል ብቸኛ ምንጭ ሊባል የሚችል ፋብሪካ ነበር፤ የነበረው ክምችት ከሰዓታት አያልፍም። ቶዮታ ቆመ። በርካታ አቅራቢዎች፣ ብራዘር የተባለው የስፌት መኪና ሠሪ ጭምር፣ ዋጋ ሳይደራደሩ ንድፉን ተቀብለው ክፍሏን መሥራት ጀመሩ፤ በሳምንት ገደማ ምርቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንዲህ ያለ ርብርብ በመፈክር አይገኝም፤ ለዓመታት የተጠበቀ ውል ፍሬ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሳ ከባድ ክርክር አለ፤ ከተለመደው ታሪክ ይልቅ የምፈራውና የማከብረው እሱን ነው። ቶዮታ ሰው የሚፈጭ ወፍጮ ነው የሚሉ አሉ። ጋዜጠኛው ሳቶሺ ካማታ በ1972 በወቅታዊ ሠራተኛነት ተቀጥረው መስመር ላይ ቆሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ የፍጥነቱን አድካሚነት፣ የመኝታ ቤቱን ቁጥጥር፣ ውላቸውን መጨረስ አቅቷቸው የሚሄዱትን ሰዎች ገለጹ። በ2002 አንድ የ30 ዓመት የቶዮታ ሠራተኛ በሥራ ቦታው ወድቆ ሞተ። የናጎያ ፍርድ ቤት በ2007 ሞቱ ከሥራ ብዛት የመጣ ነው ሲል ፈረደ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ “በፈቃደኝነት” ይደረግ የነበረው የጥራት ቡድን ስብሰባም ሥራ ነው አለ። ቶዮታ ለእነዚያ ሰዓታት በሙሉ መክፈል የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2008 ነው። በዚያው ዓመት የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ በቴክሳስና በኢንዲያና ሥራ ላቆሙት ቋሚ ሠራተኞች ለወራት እየከፈለ አሠለጠናቸው፤ በጃፓን ግን በሺህ የሚቆጠሩ የጊዜያዊ ሠራተኞችን ውል ሳያድስ ቀረ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱንም አላስተባብልም። ግን ምን ያሳያል? ቶዮታ የነውር ታሪኩን የሠራው ሸክሙን ከአለቃው ጫንቃ አውርዶ ወደ ሠራተኛው ባዞረበት ቦታ ሁሉ ነው። የጥራት ቡድኑ ስብሰባ ያለ ክፍያ ሲሆን፤ ዋስትናው ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ሲነፈግ፤ ፍጥነቱ ከሰው አቅም በላይ ሲሆን። በ2009 እና በ2010 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎች ለጥገና ሲጠሩ ፕሬዚዳንቱ አኪዮ ቶዮዳ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ኩባንያው ሰዎቹንና ድርጅቱን ማብቃት ከሚችለው በላይ በፍጥነት እንዳደገ አምነዋል። በዲሴምበር 2023 ደግሞ የቶዮታ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ በ64 የመኪና ሞዴሎች ላይ የደኅንነት ፈተና ሲያጭበረብር እንደኖረ ተጋለጠ። አንዳንዱ ማጭበርበር እስከ 1989 ወደ ኋላ ይሄዳል። ነፃው አጣሪ ኮሚቴ ጥፋቱን ያሳረፈው በአመራሩ ላይ ነው፤ የማይቻል የጊዜ ሰሌዳ አውጥቶ፣ “አይደርስም” የሚል ድምፅ የማይሰማበት ቤት ሠርቶ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ገመድ የሚስብ ሰው አልነበረም። ቶዮታን ያዋረደው የቶዮታ ሥርዓት መጓደል ነው።

ወደ እኛ ልመለስ፤ ካይዘን ለእኛ የወሬ ጉዳይ አይደለምና። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2008 ጃፓኖች በቱኒዚያ የሠሩትን አይተው ለኢትዮጵያም ጠየቁ። ከ2009 እስከ 2011 በሠላሳ ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የተጨበጠ ውጤት ያገኙ ፋብሪካዎችም አሉ፤ የባለሙያዎቹን ድካም ማጣጣል ነውር ነው። ችግሩ ብዙ ቦታ የተያዘበት መንገድ ነው። አምስቱ ማዎች የሚባሉት የሥራ ቦታ ማደራጃና ማጽጃ ደንቦች ግድግዳ ላይ ተለጠፉ፤ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተቀባ፤ የዛገው ብረት ከግቢ ወጣ፤ ሠራተኛው በቡድን ተደራጅቶ ስብሰባ ተቀመጠ። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግን እንደነበረ ቀጠለ። መጽዳትና መደራጀት የቶዮታ ሥርዓት ደጃፍ ነው፤ እኛ ደጃፉን ጠርገን ቤቱ ተሠራ አልን።

የዕቅድ ኃላፊዎች መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ። ዶላር የለም፣ መብራት ይጠፋል፣ መለዋወጫ ጉምሩክ ላይ ይሰነብታል፣ በዚህ መሀል የቶዮታ አሠራር ቅንጦት ነው ይላሉ። ግማሹ ልክ ነው፤ መጋዘን ባዶ አድርጎ በሰዓቱ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ እዚህ አገር ራስን ማጥፋት ነው። ቶዮታ ራሱም ከ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አቅራቢዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ለወራት የሚበቃ እንዲያከማቹ አድርጓል፤ ክምችት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እንከን ያየችን ሠራተኛ ሥራ እንድታቆም መፍቀድ ዶላር አይጠይቅም። የቡድን መሪው የሚጮህ ሳይሆን የሚያግዝ እንዲሆን ማድረግ ኤል ሲ አያስከፍትም። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ከሠራተኛው የምርት ኮታ ላይ መቀነስም እንዲሁ።

ስለ ደመወዝና ስለ መርጋትም ማውራት ግድ ይላል። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያወጣው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና ሠራተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ እንደሚቀያየር ገልጿል። ዛሬ ያሠለጠንካት ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ከሌለች ማሻሻያ የምታስበው ማን ናት? ካይዘን ማለት የትናንቱን ስህተት የምታስታውስ ሰው ነገም እዚያው ቦታ መገኘት ማለት ነው። ከገጠር መጥታ የቤት ኪራይ ለሦስት ተካፍላ፣ እራቷን ዘልላ የምትሠራ ወጣት ጥላ ስትሄድ “የሥራ ባህል የላትም” ማለት ግፍ ነው። የሄደችው ሒሳቡ ስላልሠራላት ነው፤ ሒሳቡን የሠራው ደግሞ አለቃዋ ነው።

እንግዲህ ፋብሪካ ሲገመገም ጥያቄው ከላይ ይጀምር። ኦዲተሩ ወለሉ መጽዳቱን ከማየቱ በፊት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይግባና ይጠይቅ። ባለፉት ሦስት ወራት ዕቅድህን ስንት ጊዜ ቀየርክ? ያለፈው ወር ምርት ከሳምንት ሳምንት ምን ያህል ተዋዠቀ? ከሠራተኛ የመጣ ሐሳብ ሥራ ላይ ውሎ የተረፈው ሰው ወዴት ተመደበ? የካይዘን ቡድን የሚሰበሰብበት ሰዓት ይከፈላል ወይ? አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ከመቶ ስንት ነው? ከዚያ ወደ ማሽኖቹ ይውረድና አንዲት ሠራተኛን ለብቻዋ ያናግር፤ መጨረሻ ሥራ ያስቆመችው መቼ እንደነበረ፣ ማን እንደመጣላት፣ በማግስቱስ ምን እንደተባለች ይጠይቃት። አስቁሜ አላውቅም ካለችው ነጥቡ ከእሷ ላይ ሳይሆን ከሥራ አስኪያጁ ላይ ይቀነስ፤ ዓመታዊ ጉርሻውም በዚያ ልክ ይነካ።